በሁዳዴ የሰጠሁት ደም

አደም ደም መስጠት ቀላል ነገር ነው ይላል። ሱቁ በረንዳ ላይ አረፍ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ሳይሰማ አይሄድም። «ተኝተህ ትነሣለህ፣ አለቀ!» ይላል እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን እያሳየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይልና «አበራ ግን ሊሞትብን ነበር» ብሎ ይስቃል፤ ሰውም አብሮት ይስቃል። እኔ የስፌት መኪናዬን ፔዳል መርገጤን እቀጥላለሁ። የምመልሰው አጥቼ አይደለም፤ ገና አፌን ስከፍት ንዴቱ ስለሚቀድመኝ ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት። እዚህ ላይ እንኳ ማንም ወሬዬን አይቀማኝም።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር። ደም መስጠት መጥፎ ነው የሚል ሰው ካለ እኔን ምስክር አድርጎ እንዳይጠራኝ። እኔ በሰጠሁት ደም ሁለት ሰው ድኗል፤ በዚህ አልቆጭም። የምቆጨው ባዶ ሆዴን ሄጄ፣ ሰጥቼ፣ በዚያው ወደ ሥራ መሮጤ ነው፤ ይባስ ብሎ ሳላገግም መድገሜ ነው። ያኔ እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ ያለኝ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን ማንም አልነገረንም እንዳትሉ ይኸው እኔ ነገርኳችሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ነገሌ ቦረና። አባቴ ወታደር ሆኖ ከሰሜን መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ ነገሌ ተወልጄ፣ እዚያው ስፌት ተምሬ፣ አደም ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናዬን ዘርግቼ እሠራ ነበር። አደም ጨርቅ ይሸጣል፤ ጨርቅ የገዛውን ሰው ወደ እኔ ይመራዋል። እሱ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ስንውል ከሥጋ በቀር ያልተካፈልነው ነገር የለም። የሥጋን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ፤ እሱ ክርስቲያን ያረደውን አይቀምስም፣ እኔም እስላም ያረደውን አልቀምስም። በዚህ ተኮራርፈን አናውቅም። ሻይ አብረን እንጠጣለን፣ ዳቦ አብረን እንቆርሳለን፣ ሥጋ ሲያምረን ደግሞ ወደየቤታችን እንሄዳለን። ይህ ልማዳችን አንድ ቀን ጉድ ይሠራኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን አንድ ጠዋት ስመጣ ሱቁ እንደተዘጋ ነው። የአደም ሚስት ሐሊማ ምጥ ይዟት ወደ ሐኪም ቤት ወስደዋት ኖሯል። መኪናዬን ሳልዘረጋ ተከትዬ ሄድኩ። ደጁ ላይ አደምና ዘመዶቹ ተኮልኩለው ቆመዋል። ልጁ ተወልዷል፤ ደሙ ግን አልቆም ብሏታል።

ድሬሰሩ እየተቻኮለ ወጣ። ድሬሰር ማለት ያኔ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪሙ በሌለ ጊዜ ደግሞ ራሱ ሐኪም የሚሆን ሰው ነው። «ደም ያስፈልጋታል፣ አሁኑኑ። ማነው የሚሰጥ?» አለ።

እስቲ ያን ጊዜ እዚያ ቆማችሁ ባያችሁ! የሐሊማ ወንድም «ሰሞኑን ወባ ይዞኝ ነበር» አለ። አጎቷ «እኔማ ሽማግሌ ነኝ» አሉ። አንድ የአክስቷ ልጅ በቅሎውን አጠብቄ ልሰር ብሎ እንደሄደ በዚያው ቀረ። አደም ራሱ ፊቱ አመድ መስሎ «የእኔ ደም ቀጭን ነው። ወላሂ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነው» አለ። ቀጭን መሆኑን ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም። መርፌ ፈርቶ ነው፤ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«እስቲ የእኔን እየው» አልኩት ድሬሰሩን። ጀግና ሆኜ አይደለም። ሐሊማ ስንት ዓመት ሙሉ እየሣቀች ሻይ ስታቀርብልኝ የኖረች ሴት ናት፤ እነዚያ ሁሉ ወንዶች መሬት መሬቱን ሲያዩ ደግሞ ብሽቅ አልኩ። በንዴት ሰጠሁ ማለት ይቀላል።

ጣቴን ወግቶ ጠብታዋን ከሐሊማ ደም ጋር መስተዋት ላይ ቀላቀለና ወደ ብርሃን አድርጎ አየው። «ይሆናል» አለ። አልጋ ላይ አስተኝቶ ክንዴን ወጋኝ። ደሜ በላስቲክ ቱቦ እየወረደ ጠርሙሱን ሞላው። ጥጥ ለጠፈልኝና «ጨርሰሃል፣ ተነሣ» አለኝ። ተነሣሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጾም ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ቀርቶ ውሃ በአፌ አልዞረም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አይዞርም። ለፋሲካ የታዘዘ ልብስ ስሰፋ አምሽቼ እንቅልፌን እንኳ አልጠገብኩም። በልተሃል ወይ? ጠጥተሃል ወይ? ያለኝ ሰው የለም። ትንሽ ጋደም ብለህ ቆይ ያለኝ የለም። ሁሉም ጠርሙሱን ተከትሎ ሮጠ። መሮጣቸው ልክ ነው፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው። ግን አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ ወደ ኋላ ቀርቶ ስኳር የበዛበት ሻይ ቢያቀርብልኝ ምን ነበረበት?

ፀሐዩ አናት ሲበሳ በእግሬ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ቁልፉ እኔም ዘንድ ስለነበር ከፈትኩ። የመኪናዬን የብረት ጭንቅላት፣ ያን ከባድ ነገር፣ በዚያው በተወጋው ክንዴ አቅፌ ወደ በረንዳ አወጣሁት። ከጥጡ ሥር ሞቅ ያለ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። ቁጭ ብዬ ፔዳሉን መርገጥ እንደ ጀመርኩ ጆሮዬ ጭው አለ፣ ዓይኔ ላይ ጭልም አለብኝ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሬት ላይ ተዘርሬ ሰዎች ከላይ ሲያዩኝ ነው። ስሰፋው የነበረው የአንድ አስተማሪ ነጭ ሱሪ በደሜ ተበላሽቷል። ክንዴ እስከ ክርኔ አብጦ ጠቁሯል።

ሐሊማ ዳነች። ልጁም ዳነ። አደም «አልሐምዱሊላህ» አለ፣ እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች።

«ሚስትህ እኮ ነኝ! ከውሃ ቀጂዎች ነው የምሰማው?»

«ምን ላድርግ፣ ጊዜ አልነበረም።»

«ለመንገር ጊዜ አጣህ፤ በረንዳ ላይ ለመዘረር ግን ጊዜ አገኘህ!» ብላ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። «አንተ ወድቀህ ብትቀር ይህን ማን ያሳድግልኛል?»

ንዴቷ ግን ክንዴን በሞቀ ውሃ ከማጠብ አላገዳትም፤ እያጠበች ትቆጣለች፣ እየተቆጣች ታጥባለች።

በማግስቱ አደም ፍየል አርዶ ጉበቱን በሳህን ሸፍኖ ራሱ ይዞልኝ መጣ። ከደስታው ብዛት እግሩ መሬት አይነካም። «ደም የሰጠ ሰው ጉበት ነው የሚበላ! ትኩስ ነው፣ ብላ!» አለ። ዘነበች ሳህኑን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው።

«አደም፣ ሁዳዴ ነው እኮ» አለችው። «ደግሞስ ያንተ ቢላ ነው።»

አደም ግንባሩን በመዳፉ መታ። ዕድሜውን ሙሉ ረስቶት የማያውቀውን ነገር ያን ቀን በደስታ ረስቶታል። አፍሮ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። የእኔ ደም ሐሊማ ገላ ውስጥ ይዞራል፤ ከሐሊማ ማጀት የወጣች አንዲት ቁራጭ ጉበት ግን እኔ አፍ ውስጥ አትገባም። በዚህ ያኔ ሳቅን። በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ።

አዎ፣ ደግሞ ደገምኩት። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ከክብረ መንግሥት የሚመጣ የጭነት መኪና ተገለበጠና ሾፌሩን በቃሬዛ አመጡት። ድሬሰሩ በቀጥታ ወደ በረንዳው መጣ። «አበራ፣ ያንተ ደም ለማንም የሚሆን ዓይነት ነው። እንዳንተ ያለ ሰው በከተማው አላገኘሁም» አለኝ። እንዲህ ሲሉኝ ልቤ አበጠ፣ አልዋሽም። ሰዉ ሁሉ ይሰማል። መቀሴን አስቀምጬ ተከተልኩት፤ ያን ቀንም ጾመኛ ነኝ፣ ያን ቀንም ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ሾፌሩ ድኖ ወደ አገሩ ሄደ። ስሙን እንኳ አላውቀውም።

ከዚያ ነው መከራዬ የጀመረው። መጀመሪያ ድካም ነው። ፔዳሉን ጥቂት ረግጬ ዳገት እንደ ወጣ ሰው አለከልካለሁ። ቁጭ ብዬ ስነሣ ቤቱ ይዞርብኛል። በዚያ ሙቀት ይበርደኛል፤ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እኔ ጋቢ ደርቤ እሰፋለሁ። ሌሊት በጎኔ ስተኛ ልቤ ትራሱ ውስጥ ሲመታ እሰማዋለሁ፣ ፔዳል እንደሚረግጥ ሰው ቶሎ ቶሎ ይመታል። ዘነበችን እንዳልቀሰቅሳት ትንፋሼን ይዤ «አሁን ቀጥ ቢልስ?» እያልኩ አዳምጠዋለሁ። ፈርቼ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር።

ሌላም ነገር መጣ፣ ለመናገር የሚያሳፍር። ጨርቅ የማሰምርበትን ጠመኔ መብላት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጫፉን በጥርሴ ነከስ አደረግሁት፤ ጣፈጠኝ። ቀስ በቀስ አንድ ሙሉ ጠመኔ ሳላስበው ያልቅ ጀመር። ዘነበች ከንፈሬ ነጭ ሆኖ ስታገኘኝ ዓይን ነው አለች። ጠበል ወሰደችኝ። ጠበሉን ባዶ ሆዴን ጠጥቼ ስመለስ መንገድ ላይ ወደቅሁ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ደጁ ላይ ያለችውን አግዳሚ ወንበር አልረሳትም። ጎህ ሲቀድ ደርሰህ እንኳ ከአንተ በፊት የተኮለኮለ ሰው አለ፤ ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ ግመል የረገጠው ሰው፣ ጭው ካለ በረሃ በእግራቸው የመጡ ሽማግሌዎች። ጥላው ወደ ግራ ሲሄድ ሰዉም ወደ ግራ ይጠጋል። ተራዬ ሲደርስ ድሬሰሩ ግንባሬን ነካና «ወባ ነው» አለኝ። በነገሌ ያኔ ራስህን ቢያምህም፣ ሆድህን ቢቆርጥህም፣ ሚስትህ ብታኮርፍህም ወባ ነው። ያን መራራ ኪኒን ዋጥኩ፤ የጆሮዬ ጭው ማለት ባሰበት። ተመልሼ ሄድኩ። «እንግዲያውስ ነርቭ ነው፤ ሐሳብ አታብዛ» አለኝ።

«ሁለቴ ደም ሰጥቼ እኮ ነው» አልኩት።

«ደም በሦስት ቀን ይተካል፣ እሱ አይደለም» ብሎ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ሰው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ሆነ። ዋርዮ የሚባሉ የቦረና ሽማግሌ ከብት ሊሸጡ ወደ ከተማ በመጡ ቁጥር በረንዳችን ላይ ያርፋሉ። አንድ ቀን ጋቢ ለብሼ ስንቀጠቀጥ አዩኝ።

«አካም አበራ? ናጋ?»

«ናጋ የለም፣ ሰላም የለም፣ ኦቦ ዋርዮ። ደም ሰጥቼ ይኸው አልቄላችኋለሁ።»

«ዺጋ ሰጠህ? ዺጋ ጠጣ!» አሉኝ። «በሬ አለኝ። አንገቱን ወጋ እናደርጋለን፣ ከአናን ጋር፣ ከወተት ጋር ትጠጣለህ። በሬው አይሞት፣ አንተ አትሞት።»

እኔና አደም እኩል «አይሆንም!» አልን፣ አንድ ላይ። ደም መጠጣት በእሱም ሃይማኖት በእኔም ሃይማኖት ነውር ነው። ዋርዮ ሁለታችንንም አፈራርቀው አዩንና «እናንተ ሰዎች፣ ሁሉ ነገር አይሆንም» ብለው ከብቶቻቸውን ይዘው ሄዱ። በከተማው ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁሉ ለእኔ ክልክል ሆኖ ቀረ።

በመጨረሻ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መልካም ሰው ናቸው። ገና ሲያዩኝ ደነገጡ። «ጾም የታዘዘው ለጤነኛ ነው፤ ለታመመ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ከዛሬ ጀምረህ ብላ፣ ሥጋም ብላ» አሉኝ።

«ሥጋውን ከየት ላምጣው፣ አባቴ?»

በሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሁሉ ዝግ ነው። ክፍት የሆነው የእስላሞቹ ብቻ ነው። ጎረቤቴን በግ እረድልኝ ስለው «በሁዳዴ ቢላዬን ደም አላስነካም፣ ይቅር በለኝ» አለ። እኔው ራሴ ዶሮ ልረድ ብዬ ቢላ ይዤ ጎንበስ ስል ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ስነቃ ዶሮዋ አጥር ዘላ ሄዳለች። ዘነበች እየሣቀች እያለቀሰች አነሣችኝ። መብላት ተፈቅዶልኝ የምበላው አጣሁ ብል ማን ያምነኛል? ወተትና እንቁላል ሰው እንዳያየኝ በር ዘግቼ እበላለሁ፣ እሱም ቶሎ አያነሣኝም።

ሥራ ቆመ። የፋሲካ ልብስ ያዘዙ ሰዎች ጨርቃቸውን እየተቆጡ ወሰዱ። በመጨረሻ አደም አንድ የጭነት መኪና አቁሞ እኔንና ዘነበችን ጋቢና አስገባንና ወደ ክብረ መንግሥት ላከን። እዚያ ጥሩ ዶክተር አለ ተብሏል። ዝናቡ ገብቶ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። መኪናው በተያዘ ቁጥር ወንዱ ሁሉ ወርዶ ይገፋል፤ እኔ ብቻ ነፍሰ ጡር ሚስቴ አጠገብ ጋቢ ተከናንቤ እቀመጣለሁ። ከሚገፉት አንዱ «ይህኛው ነው ወይስ እሷ ናት ያረገዘችው?» ሲል ሰማሁት። ያለችኝ ትንሽ ደም ፈላች።

ክብረ መንግሥትም እንደዚያው ወረፋ ነው። ስንገባ ዶክተሩ ፈረንጅ ነው፤ አንዲት ነርስ ታስተረጉማለች። ሰውዬው ምንም ሳይል የታችኛውን የዓይኔን ቆብ በጣቱ ወደ ታች ጎተተና ውስጡን አየ። ጥፍሮቼን አየ። «ምን ይበላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠመኔ» አለች ዘነበች።

አሳፈረችኝ፤ ዶክተሩ ግን አልሳቀም። ቀጥ ብሎ አየኝና ከመታመሜ በፊት ምን እንደሆንኩ ጠየቀ። ነገርኩት። መጀመሪያ የሰጠሁት መቼ ነው፣ ሁለተኛውስ፣ ምን በልቼ ነበር፣ ሰጥቼ ምን ሠራሁ? እሱ እየጠየቀ እኔ እየመለስኩ ስንሄድ ፊቱ ቀላ። በራሱ ቋንቋ ጮኸ። ነርሷን ምን አለ አልኳት።

«ሰው ይህን ያህል ጊዜ ሲያመላልሱት እንዴት አንድም ሰው ይህን አይጠይቀውም፣ ነው የሚለው» አለችኝ።

እኔም ይህንኑ ስል አይደል የከረምኩት!

በሽታዬ የደም ማነስ ነው። ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ደም ስትሰጥ የጎደለው ውሃው ቶሎ ይተካል፣ ስለዚህም ነው ብዙ መጠጣት የሚገባህ፤ ቀዩ ነገር ግን የሚተካው በወራት ነው፣ ለመተካትም ብረት ይፈልጋል። ጤነኛ ሰው በልቶና ጠጥቶ አንዴ ቢሰጥ ሰውነቱ ይችለዋል። አንተ ግን በጾም፣ ሳትጠጣ፣ የመጀመሪያው ሳይተካ ደገምክ። ጠመኔው ያማረህ ሰውነትህ የጎደለውን ሲፈልግ ነው፤ የሚፈልገው ግን ጠመኔ ውስጥ የለም። ሰገራዬን መርምረው የሆድ ትልም አገኙብኝ፤ እሱም የቀረችኝን ደም ሲጠጣ ኖሯል። የትል መድኃኒትና የብረት ኪኒን ሰጡኝ። ሰገራህ ቢጠቁር አትደንግጥ፣ ኪኒኑን በሻይ አትዋጥ፣ ሎሚ ያለበት ነገር ጠጣበት ተባልኩ።

«ሥጋ ግን የማገኝበት የለኝም፣ ጾም ነው» አልኳት ተስፋ ቆርጬ።

«ጉበት ብታገኝ ይፈጥንልህ ነበር። እስከዚያው ምስር ብላ፣ ጎመን ብላ፣ ሽምብራ ብላ፤ ሎሚ ጨምቅበት፣ በደንብም አብዛው። ይህ መቼም ጾም አያስፈታም።»

ምስር! ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ጉበትና ስለ በግ ስንጨቃጨቅ፣ ዶሮ ስናባርር፣ ምስር! ከበረንዳዬ ፊት ለፊት በጆንያ ይሸጣል። ከደስታ ይልቅ ንዴት ያዘኝ።

ነገሌ ስንመለስ ሐሊማ ወሬውን ሰማች። በበነጋው ልጇን አዝላ፣ የሸክላ ድስት ይዛ ቤታችን መጣች።

«ጋሽ አበራ፣ ድስቱ አዲስ ነው» አለች። «ቅቤ አልነካውም፣ ሥጋ አልነካውም። ማማሰያውም አዲስ ነው። ዘነበች ስሠራ ቆማ አይታኛለች። ይብሉ።»

የምስር ወጥ ነበር፣ በዘይት፣ ሎሚ ተጨምቆበት። ዘነበች እያየችኝ ነው፣ ሐሊማም እያየችኝ ነው። ጠግቤ ስበላ ሁለቱም ዓይናቸውን ጠረጉ። ጾሙ እስኪፈታ ሐሊማ ያን ድስት ቤቷ ውስጥ ለብቻው አስቀምጣ ለእኔ ብቻ ስትሠራበት ሰነበተች። ገና አራስነቷን ያልጨረሰች ሴት! የፋሲካ ዕለት ዘነበች በግ አሳረደችና ጉበቱን ለእኔ ለብቻዬ አደረገችው።

ማገገሜ ግን ቶሎ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ግማሽ ቀን እሠራለሁ፣ ግማሽ ቀን እተኛለሁ። አንድ ቀን ጠመኔውን ቀምሼ አፌ ውስጥ ጠመኔ ጠመኔ ሲለኝ፣ ስተፋው ነው መዳኔን ያወቅሁት።

መስከረም ላይ ዘነበች ምጥ ያዛት። ያው ሐኪም ቤት፣ ያው ደጅ። ልጅቷ ተወለደች፤ ከዚያ ድሬሰሩ ወጣ። «ደም ያስፈልጋታል» አለ።

እጅጌዬን ሰብስቤ ቀድሜው ገባሁ። ወደ ብርሃን ጎትቶኝ የዓይኔን ቆብ ገለጠ፤ በዚህ መሐል እሱም ይህችን ተምሮ ነበር። «ያንተ አይቻልም፣ አበራ። አንተ ራስህ ገና ነህ» አለኝ።

ለመንኩት። ሰደብኩት። ለማላውቀው ሾፌር የሞላሁትን ጠርሙስ አሁን ለሚስቴ መስጠት አቃተኝ። ወደ ደጅ ወጥቼ ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዲህ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም።

አደም ደጁ ላይ ቆሟል። አየኝ። «የእኔ ደም...» ብሎ ጀመረና ፊቴን ሲያይ ተወው። ግንባሩ በላብ ርሷል። «እሺ» አለ።

ጠብታው ተወስዶ መስተዋት ላይ ሲቀላቀል ሐሊማ ሳህን ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ማንም ሳይልካት፣ ባሏ ደም እንዲሰጥ አስባ ነው የመጣችው። ከቤቷ የተጠበሰ ጉበት፣ ዳቦና በፔርሙስ ሻይ ይዛለች።

«ብላ» አልኩት አደምን።

«አበራ፣ አብደሃል? ሴትዮዋ እዚያ ውስጥ...»

«ቁርስ በልተሃል?»

«በፍርሃት የት ይወርድልኛል!»

«እንግዲያው ብላ!»

ድሬሰሩ በበሩ ብቅ ብሎ «ደሙ ይስማማል፣ ቶሎ በሉ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ አልጋውን አዘጋጅ፣ እኔ ሰውዬውን አበላለሁ!» ብዬ ጮኽኩበት። አደም ሳህኑን አልነካ ሲል እኔው አጎረስኩት። በሕይወቴ ነክቼው የማላውቀውን የእስላም ሥጋ በጣቴ እየቆረስኩ አጎረስኩት። እያንዳንዱ ጉርሻ ከዘነበች ዕድሜ ላይ የሚቀነስ መሰለኝ፤ ግን አጎረስኩት። ውሃ አጠጣሁት፣ በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣሁት። ከዚያ እጁን ይዤ አስተኛሁት። ጠርሙሱ ሞልቶ ሲሄድ ሊነሣ ቢል ደረቱን ይዤ ተኛ አልኩት። እግሩን ትራስ ላይ ሰቀልኩት። ጥጡን ራሴ ተጭኜ ያዝኩለት። ሌላ ሻይ አጠጣሁት። ዛሬ ጨርቅ አታነሣም፣ ነገም በዚህ ክንድህ ከባድ ነገር አትይዝም፣ ሱቅህን ዘግተህ ትተኛለህ አልኩት።

አደም ቀስ ብሎ ተነሥቶ ተቀመጠ። ራሱን ነካ፣ ክንዱን አየ፣ ዙሪያውን አየ። ምንም አልሆነም። ላቡ ደርቋል፣ ፊቱ ላይ ደም ተመልሷል።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለኝ። «ወላሂ፣ ለዚህ ነው ክብረ መንግሥት ድረስ የሄድከው?»

ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ተንበርክኬ ግን እግሩን ያዝኩ፣ እሱም አነሣኝ።

ወደ ማታ ወደ ዘነበች አስገቡኝ። ልጅቷ ጎኗ ላይ ተኝታለች። የዘነበች ከንፈር ነጭ ነው፤ ዓይኗን ግን ገልጣለች። ገና ስታየኝ ወደ ክንዴ ተመለከተች።

«አንተ ሰጠህ እንዴ?» አለች በደከመ ድምፅ። ፈርታለች፣ ተቆጥታለችም።

«አልሰጠሁም። ከለከሉኝ። አደም ነው የሰጠው።»

በእጇ ልጅቷን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አብልተኸዋል?»

«አብልቼዋለሁ» አልኳት።